ገጀራዎን ይሳሉ፤ የቡናዎን ግንድ ግን አያቁስሉ



በሚዛን አማን፣ በቴፒና በበበቃ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ በቡናው መካከል አረም ቶሎ ይበቅላል። ይህም አረም የሚመነጠረው በገጀራ ነው። ገጀራ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ለቡናው ጠላት ይሆናል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቅ፣ ፈንገስ በሚባል ረቂቅ ሻጋታ የሚመጣ በሽታ አለ። በአገራችን መኖሩ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ በበበቃና በቴፒ ትላልቅ የቡና እርሻዎችም ጉዳት አድርሷል። በሽታው የሚገባው በግንዱ ቁስል በኩል ነው። በምንጣሮ ጊዜ ገጀራው የቡናውን ግንድ ከነካ በር ከፈትንለት ማለት ነው። ያው ገጀራ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ሲሄድም በሽታውን ይዞ ይሄዳል። የታመመ ቡና መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ።

1ኛ፤ ገጀራው ስለታም ይሁን። የደነዘ ገጀራ አረሙን አይቆርጥም፤ ይነጥርና ግንዱን ወይም የራስዎን እግር ይመታል።

2ኛ፤ ሲስሉ ገጀራውን በጉቶ ላይ አጥብቀው ያስይዙ። ሞረዱን በስለቱ ላይ ጥቂት አጋድመው ወደ ፊት ብቻ ይግፉ፤ ሲመልሱ ከብረቱ ያንሡት። አንዱን ጎን 10 ጊዜ ከሞረዱ ሌላውንም 10 ጊዜ ይሞርዱ። በመጨረሻ በውኃ በራሰ መሳያ ድንጋይ ያለስልሱት። ስለቱን በሣር ይሞክሩ እንጂ በጣትዎ አይሞክሩ።

3ኛ፤ በቡናው ግንድ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ቦታ በገጀራ አይንኩ። በዚያ ያለውን አረም በእጅ ይንቀሉ። ገጀራው ለመካከሉ ቦታ ብቻ ይሁን።

4ኛ፤ ብዙ ሆናችሁ ስትመነጥሩ ተራርቃችሁ ቁሙ። እጀታው የላላ ገጀራ አይያዝ።

5ኛ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የጠወለገ ቡና ካዩ፣ ከግንዱ በታች ልጡን ጥቂት ፍቀው ይመልከቱ። እንጨቱ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተገኘ በሽታው ሊሆን ስለሚችል ለልማት ሠራተኛው ያሳዩ። በሽታው መሆኑ ከተረጋገጠ ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ጉድጓዱ ዘንድ ያቃጥሉት። ለማገዶ ብለው በሌላው ቡና መካከል እየጎተቱ ወደ ቤት አይውሰዱት።

6ኛ፤ የታመመ ተክል የነካ ገጀራ አፈሩና ጭማቂው ተጠርጎ በአልኮል ይታሽ፤ አልኮል ከሌለ በነበልባል ላይ ይለብለብ። ብረቱ እስኪቀላ ግን አይቆይ፤ ከቀላ ጥንካሬውን ያጣል፤ ስለቱም አይበረክትም።

7ኛ፤ ሥራ ሲያበቃ ገጀራውን አጥበው ያድርቁ፤ እንዳይዝግም ዘይት ይቀቡት። ስለቱን ሸፍነው ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩት።

የልማት ሠራተኞችም ይህን በቃል ብቻ ከመናገር ይልቅ በማሳው ላይ ገጀራ ይዘው ቢያሳዩ ይበልጥ ይጠቅማል። በተለይም የቀን ሠራተኛ ለምንጣሮ ሲቀጠር፣ ከሌላ ማሳ ይዞት የመጣው ገጀራ ሳይጸዳ ወደ ቡናው እንዳይገባ ባለማሳው ይጠንቀቅ።

ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚቆስለው ግን በአንድ ምት ነው። አረሙን ይምቱ፤ ግንዱን ይማሩ።