ለወንዱ ስለ ጨዋታው፣ ለሴቷ ስለ ክብሯ

ቤይሩት፦ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ሦስት ሊባኖሳውያን የእግር ኳስ ዳኞች ወደ ሲንጋፖር አቀኑ። ተልእኳቸው የአገሩ ክለብ ታምፒንስ ሮቨርስ ከሕንዱ ኢስት ቤንጋል ጋር በእስያ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የሚያደርገውን ግጥሚያ መምራት ነበር። አልመሩትም። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት በሌሎች ዳኞች ተተኩ፤ ብዙም ሳይቆይ በሙስና ተከሰሱ። ክሱ፣ ወደፊት የሚመሩትን ጨዋታ እንዲያዛቡ አንድ ነጋዴ መደለያ አድርጎ ሴቶችን ሲያቀርብላቸው ተቀብለዋል የሚል ነበር። ሦስቱም ጥፋታቸውን አመኑ። በሰኔ ወር ዋና ዳኛው አሊ ሰባግ የስድስት ወር፣ ሁለቱ ረዳቶቹ ደግሞ የሦስት ሦስት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ቅጣቱ ቀላል ነበር የሚል የለም። ይሁን እንጂ የተከሰሱት በምን እንደ ነበር ልብ ማለት ይገባል። የፍርድ ቤቱ ጥያቄ ጨዋታው ሊሸጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት የሊባኖስ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ውጤት በማጭበርበር 24 ተጫዋቾችን ቀጥቶ ስለ ነበር፣ ቤይሩት ውስጥም ወሬው የዚያ ቅሌት ተከታይ ሆኖ ተነበበ። መነጋገሪያው የሜዳው ንጽሕና እንጂ የሦስቱ ሰዎች ገላ አልነበረም። ሴቶቹም ቢሆኑ በክሱ መዝገብ የገቡት በፖስታ ታሽጎ እንደሚሰጥ ገንዘብ፣ በጉቦነት ነው።

ከአሥር ወራት በኋላ፣ በየካቲት 2014፣ የዚያችው አገር ስፖርት ሌላ ወሬ አስተናገደ። ሊባኖስ ሶቺ ላይ ወደተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሁለት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ልካ ነበር። አንዷ ቀደም ብላ በ2010 በቫንኩቨር ኦሊምፒክ አገሯን የወከለችው ጃኪ ሸምዑን ናት። ውድድሯ ገና ሳይደርስ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በፋራያ ተራራ ላይ ለአንድ የበረዶ ስፖርተኞች የቀን መቁጠሪያ ፎቶ ስትነሳ የተቀረጸ ምስል በሊባኖስ መገናኛ ብዙኃን ተሠራጨ። በምስሉ ላይ ከወገቧ በላይ አልለበሰችም። ስፖርተኛዋ የተሠራጨው ለሕትመት የታሰበው ፎቶ ሳይሆን በዝግጅቱ መሐል የተቀረጸ መሆኑን አስረዳች። አገሯ ወግ አጥባቂ መሆኗን እንደምታውቅ ገልጻም ይቅርታ ጠየቀች፤ ምስሉን ማዛመት እንዲያቆሙላትም ለመነች።

የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስትሩ ፈይሰል ከራሚ የአገሪቱ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ምርመራ እንዲያደርግ ጠየቁ። የሰጡትም ምክንያት የሊባኖስን ስም መጠበቅ የሚል ነበር።

እንዲህ ያለ ፎቶ መነሳት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። አብዛኛው አማኝ አንባቢ መልሱን ያውቃል፤ ይህ ጽሑፍም ሊያስተባብለው አልተነሣም። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስቱ ወንዶች በሥራ ላይ እያሉ፣ ከሥራቸው ጋር በተያያዘ፣ በሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ፈጸሙ፤ ተጠያቂ የሆኑትም ስለ ሥራቸው ነው። ጃኪ ሸምዑን የጣሰችው የውድድር ደንብ አልነበረም። የሸጠችው ውጤት፣ ያጭበረበረችው ዳኛም አልነበረም። ሆኖም የአገር ስም የተንጠለጠለው በእርሷ ላይ ነው። ከቡድኑ ሳትወገድ ተወዳደረች፤ ነገር ግን በዚያ የካቲት ስንተኛ ወጣች ብሎ የጠየቀ ጥቂት ሰው ነው።

ወሬው የተሰማበት ጊዜ ነገሩን የበለጠ አጋለጠው። ከአንድ ሳምንት ያህል በፊት በቤይሩት ተሪቅ አልጀዲዳ ሠፈር አንዲት መምህርት በባሏ ተደብድባ ሞታ ነበር። በርካታ ሊባኖሳውያን በማኅበራዊ ገጾች ላይ ሁለቱን ወሬዎች አያይዘው፣ መንግሥት ለፎቶ ያሳየውን ፍጥነት ለሬሳ ለምን አላሳየም ሲሉ ጠየቁ። ሚኒስትሩ በዚያው ወር በ15ኛው ቀን አዲስ መንግሥት ሲመሠረት ሥልጣናቸውን አስረከቡ። በሚያዝያ 1 ቀን ደግሞ ምክር ቤቱ በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተውን ሕግ ቁጥር 293 አጸደቀ።

ስለዚህ ሕግ ብዙም የማይነገር አንድ ነገር አለ። ስለ ድብደባ የወጣው ይኸው ሕግ በወንጀለኛ መቅጫው ውስጥ ያሉትን የዝሙት አንቀጾችም አሻሽሏል። እስከዚያ ድረስ ያገባች ሴት ከባሏ ውጭ የፈጸመችው ግንኙነት የትም ሆነ የት ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሳስር ነበር። ባልየው የሚቀጣው ግን ድርጊቱን በትዳር ቤቱ ውስጥ ከፈጸመ ወይም ውሽማውን በግልጽ ከያዘ ብቻ ነበር፤ ያውም ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት። በሌላ አነጋገር ወንዱ በሥራ ቦታው፣ በሆቴል፣ በስፖርት ጉዞ ላይ ያደረገውን ሕጉ አላየሁም ይል ነበር። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የተቀመጡት በ2014 ነው። በፍርድ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየ ልማድ በመገናኛ ብዙኃንና በስፖርት ቢሮ ቢቆይ የሚያስገርም አይደለም።

ነገሩ የሊባኖስ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የእንግሊዝን እግር ኳስ ማኅበር ታሪክ ያስታውስ። በ2004 ክረምት የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰንና የማኅበሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርክ ፓሊዮስ በየፊናቸው ከአንዲት የማኅበሩ ጸሐፊ ጋር ግንኙነት እንደ ነበራቸው ጋዜጣ አጋለጠ። ማኅበሩ መጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎ አመነ። የማኅበሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የአለቃውን ስም ለማዳን የአሠልጣኙን ምሥጢር ለጋዜጣው አሳልፎ ሊሰጥ ሲደራደር እንደ ነበርም ታወቀ። ፓሊዮስ ሥራ ለቀቀ። ኤሪክሰን የሚያስጠይቀው ነገር የለም ተባለ፤ ቡድኑን እስከ 2006 የዓለም ዋንጫ መራ። ከዚያም በማንቸስተር ሲቲና በሜክሲኮ ብሔራዊ ቡድን ሠራ፤ በ2024 ሲሞትም በክብር ተሸኘ። ፓሊዮስም ከዓመታት በኋላ የትራንሜር ሮቨርስ ባለቤት ሆኖ ወደ ኳሱ ተመለሰ።

ጸሐፊዋስ? ሥራዋን ለቀቀች፤ ታሪኳን ለጋዜጦች ሸጠች። ለሥራ ክርክር ጉባኤ ያቀረበችው አቤቱታም ውድቅ ሆነ። ታሪኳን መሸጧ ሲያስወቅሳት ኖሯል፤ ወቀሳው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። ይሁንና አንድ ነገር ሳይጠየቅ ታለፈ። ሁለቱ ወንዶች ከኳሱ ዓለም የሚመለሱበት ሙያ ነበራቸው፤ ለእርሷ ከቅሌቱ ሌላ የተረፈ መሸጫ ምን ነበር? አሠልጣኙ ከፍቅር ታሪኩ ተለይቶ በውጤቱ ይመዘን ነበር። የእርሷን የጽሕፈት ሥራ ጥሩነት ወይም መጥፎነት የጠየቀ ጋዜጣ የለም።

አሥራ ስምንት ዓመት አልፎ ቦስተን ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኢሜ ኡዶካ በመጀመሪያ ዓመቱ ቦስተን ሴልቲክስን እስከ 2022 የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ያደረሰ አሠልጣኝ ነው። በመስከረም ወር ከአንዲት የቡድኑ ሠራተኛ ጋር ተገቢ ያልሆነ ግንኙነት ነበረው ተብሎ ተዘገበ፤ ቡድኑም ደንብ ጥሰሃል ብሎ ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አገደው። ቅጣቱ ከባድ ነበር። የሴትዮዋን ስም ቡድኑ አልገለጸም። ሕዝቡ ግን ስም ፈለገ፤ ባላገኘም ጊዜ ፈጠረ። በቡድኑ ውስጥ የሚሠሩ፣ ከነገሩ ጋር አንዳች ግንኙነት የሌላቸው ሴቶች ፎቶ በማኅበራዊ ገጾች ተለጠፈ፤ ማን ትሆን እየተባለም ተገመተባቸው። የቡድኑ የስፖርት ኃላፊ ብራድ ስቲቨንስ በማግሥቱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ በድርጅቱ ያሉ ጎበዝ ሴቶች ያለ አግባብ መጎተታቸውን ስሜቱ እየተናነቀው ተናገረ። ኡዶካ በሚያዝያ 2023 የሂውስተን ሮኬትስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ።

ከዚህ የምንረዳው ሴቷ ጥፋት ሳይኖርባትም ጥርጣሬውን ተካፋይ መሆኗን ነው። ወንዱ አንድ ነው፤ ስሙም ይታወቃል። ሴቷ ስትደበቅ ግን በቢሮው ያለችው ሴት ሁሉ እርሷ ትሆናለች። ቋንቋችንም ቢሆን ከዚህ የጸዳ አይደለም። ስለ ወንዱ ሲወራ «ወንድ ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ በፈገግታ ይታለፋል። ለሴቷ የተቀመጠው ቃል በጋዜጣ የማይጻፍ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ልማድ ብዙ ጊዜ በሃይማኖት ስም የሚከላከሉት ሰዎች መኖራቸው ነው። በቁርአን ሱረቱ ኑር ውስጥ ዓይንን ስለ መስበርና ብልትን ስለ መጠበቅ የመጣው ትእዛዝ መጀመሪያ የተነገረው ለአማኝ ወንዶች ነው፤ ለሴቶች የተነገረው በሚቀጥለው አንቀጽ ነው። የዝሙት ቅጣት የተደነገገው ለሁለቱም በእኩል መጠን ነው። በዚያው ምዕራፍ ንጹሕ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበ ሰው ሰማንያ ግርፋት እንዲቀጣና ምስክርነቱ እንዳይቀበል ታዟል። የቦስተንን ሴቶች ፎቶ የለጠፉት ሰዎች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ተከሳሾቹ ሴቶቹ ሳይሆኑ እነርሱ በሆኑ ነበር።

እስካሁን የተነሡት ጉዳዮች «ግንኙነት» በሚለው ለስላሳ ቃል ይጠሩ እንጂ አንዱ አለቃ፣ ሌላዋ ተቀጣሪ የሆኑበት ሁኔታ ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። አሠልጣኝ ተጫዋቿን ከቡድን ሊያስቀራት ይችላል፤ ኃላፊም የጸሐፊዋን ውል ላያድስ ይችላል። ቤይሩት ውስጥ ይህን ከስፖርተኞች ይልቅ አጥርተው የሚያውቁት ከወደቡ በስተምሥራቅ በዳውራና በቡርጅ ሐሙድ በእሑድ እረፍታቸው የሚሰባሰቡት ኢትዮጵያውያት ናቸው። የቤት ሠራተኞች በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 ከጥበቃው አውጥቷቸዋል። መኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ በቤቱ ወንድ ምክንያት ነገር ሲነሣ ቤቱን ለቃ የምትወጣው እርሷ ናት። ከወጣች ደግሞ ሕገወጥ ትባላለች። በዚያ ቤት የተፈጠረውን ነገር ሰውየው ቀጥሎ ለሚቀጥራት ሠራተኛ የሚነግር የለም።

ስፖርተኛዋ ከቤት ሠራተኛዋ የተሻለ ጥበቃ አላት። ሊባኖስ በታኅሣሥ 2020 ወሲባዊ ትንኮሳን ወንጀል ያደረገውን ሕግ ቁጥር 205 አወጣች። ሕጉ በሥራ ቦታ የሚፈጸመውንም ይጨምራል፤ እስከ አራት ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ከሳሿና ምስክሮቿ እንዳይበቀሏቸውም ይከለክላል። የመብት ተሟጋቾች የተቹት መንገዱን ነው። ሕጉ ነገሩን በወንጀል ፍርድ ቤት ብቻ እንዲታይ አድርጎታል፤ በየክለቡና በየፌዴሬሽኑ አቤቱታ ተቀብሎ በምሥጢር የሚመረምር አካል እንዲቋቋም አላስገደደም። በዚህ የተነሣ በአሠልጣኟ የተበደለች ተጫዋች የቀራት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ዝም ብላ ሜዳዋን መተው፣ ወይ ፖሊስ ጣቢያና ችሎት ቀርባ ስሟን ማስመዝገብ። ችሎቱ አሠልጣኙን ስለ ድርጊቱ ይጠይቀው ይሆናል። በማግሥቱ በቴሌቪዥን የሚጠየቀው ግን እርሷ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ እንደ ነበር ነው።