የአንጎል ሞገድ ከነገሌ እስከ ጥቁር አንበሳ

እ.ኤ.አ. በ1841 ዊሊያም ጄምስ ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት ለተሰኘው የሕክምና መጽሔት አንድ ደብዳቤ ላከ። የደብዳቤው ጉዳይ የገዛ ልጁ ነበር። ሕፃኑ ከአራት ወር ዕድሜው ጀምሮ ራሱን ወደ ጉልበቱ ድንገት እየደፋ ይኮማተራል፤ ወዲያው ይላቀቃል፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላም ይደግመዋል። አባትየው የሚያውቀው መድኃኒት ሁሉ አልሠራ ቢለው የለንደንን ስመ ጥር ሐኪሞች አማከረ፤ ቀጥሎም የሙያ ባልደረቦቹ ይረዱት ዘንድ በጽሑፍ ተማጠነ። ሕመሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሩቅ ያለን የሐኪም ዕውቀት በመልእክት መሻት፣ ቴሌፎን ከተፈለሰፈበት ከ1876 እ.ኤ.አ. ይቀድማል ማለት ነው።

ታዲያ ይኸው ሕመም ዛሬ ነገሌ ቦረና ላይ ቢከሠትስ? ነገሌ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፊልቱ፣ ያቤሎና ሞያሌም ቢሆኑ ከዋና ከተማው የሚለያቸው ርቀት የዋዛ አይደለም። እናት ልጇ ሲኮማተር አይታ ቁርጠት ነው ብትል አይፈረድባትም፤ ሕመሙን ከዚህ በፊት አይቶ የማያውቅ የጤና ሠራተኛም እንዲሁ ሊል ይችላል። ይሁንና እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት በልጁ አእምሮ ዕድገት ላይ የራሱን ጉዳት ይጥላል። ከሕክምናዎቹ አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ብርቅ የሆነው ሕመሙን ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ነው። የሕፃናት የነርቭ ሐኪሞቻችን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። ከብቱን ጥሎ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ችሎ እዚያ ድረስ ልጁን የሚያመጣ አርብቶ አደር ስንት ይሆን?

በብዛት የሚታየው ግን የሚጥል በሽታ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን የሸፈነ ጥናት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ውጤት፣ ከሺህ ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይተዋል። ከተገኙት 316 ሕሙማን መካከል ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከሕሙማኑ ከመቶ 70 የሚደርሱት ከመንዘፍዘፍ ነጻ ሆነው መኖር ይችላሉ።

የፊዚክስ መምህር በሐኪሞች ሙያ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ውጭ መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ኢኢጂ የምንለው ምርመራ የተወለደው ያኔ ነው። ሞገዱ ከራስ ቆዳ ላይ ሲለካ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮ ቮልት ቢሆን ነው። በክፍሉ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ሃምሳ ማይክሮ ቮልት ብንወስድ የመብራቱ ቮልቴጅ አራት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጠዋል! ኢኢጂ የሚያነሣ ባለሙያ ዋና ትግሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚወዛወዘው ከዚህ የመብራት ሞገድ ጋር ነው። መሣሪያው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እያጎላ ለሁለቱም የጋራ የሆነውን ሁከት ይጥላል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱም ኤሌክትሮዶች ቆዳውን በእኩል ሲነኩ ነው። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በቆላው እንደ ልማድ ቅቤ የተቀባ የልጅ ጸጉር አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ አለበት። ይህን ለማወቅ ስፔሻሊስት መሆን አያሻም፤ የሠለጠነ ነርስ ይበቃል።

ሞገዱ አንዴ በንጽሕና ከተያዘ መላኩ ቀላል ነው። ናይኩዊስትና ሻነን እንዳስተማሩን አንድን ሞገድ ሳይዛባ ለመያዝ ከከፍተኛው ድግግሞሹ ከእጥፍ በላይ ናሙና መውሰድ ያሻል። ለሐኪሙ የሚጠቅመው የአንጎል ሞገድ በአብዛኛው ከ70 ኸርዝ በታች ስለሆነ፣ በሴኮንድ 256 ናሙና በቂ ነው። እስቲ አስሉት፦ 21 መስመሮች፣ 256 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 16 ቢት፤ በሴኮንድ 86,016 ቢት ይሆናል። የሃያ ደቂቃ ምዝገባ ወደ 13 ሜጋ ባይት ነው። በእጅ ስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ ከዚህ ይበልጣል።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የሚሳይል መሐንዲስ የነበሩት የሕንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረቡት ሐሳብ የተጀመረው የመላ አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ፣ ሙከራውን በ2007 ያካሄደው በኢትዮጵያ ነበር። ጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታል በሃይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። የኔትወርኩ ምዕራፍ በ2017 ተጠናቋል። ሳተላይቱ ያለው 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ምልክቱ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሴኮንድ፣ ምላሹ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ይወስዳል። በፋይበር ገመድ ብርሃን 600 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሺኛ ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለው ሥራ ፍጥነት ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። ሐኪሙና ታማሚው በአንድ ሰዓት ፊት ለፊት እንዲታዩ ከመድከም፣ ቪዲዮውንና ኢኢጂውን ቀን ልኮ ማታ መልስ መቀበል ይሻላል፤ መስመር ቢቋረጥ እንኳ ፋይሉ ጠብቆ ይሄዳል።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የገናሌ ዳዋ ሦስተኛ የኃይል ማመንጫ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ በ2020 እ.ኤ.አ. ከነገሌ ብዙም ሳይርቅ ተመርቋል፤ የአንድ ሆስፒታል ኮምፒዩተር ግን ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ከሌለው መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ባይችል የእናቲቱን ቃል በትክክል የሚያደርስ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ፌኖባርቢታል በመድኃኒት ቤቱ ሳይቋረጥ መኖር አለበት፤ በድንገት ሲቋረጥ መንዘፍዘፉ በርትቶ ይመለሳልና።

ለዕረፍት ወደ እነዚህ ከተሞች የምትመለሱ ተማሪዎች ስልክ በእጃችሁ አለ። ልጅ ሲንዘፈዘፍ ብታዩ ከእሳት አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ክብሪት ለኩሳችሁም አታሽትቱት። ለሃጩ በሽታውን አያጋባም። መንዘፍዘፉ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሌላ ሰው ልጁን ከያዘላችሁና ወላጅ ከፈቀደ፣ ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ መላ ሰውነቱና ዓይኑ በብርሃን እንዲታይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅረጹት። ሰዓቱን መዝግቡ፤ ቪዲዮውንም ለሐኪም እንጂ ለሌላ ለማንም አትላኩ።