ሳይዘጋ የሚታረም ፕሮግራም

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ ያለችው ቀጨኔ ስሟ የሚነሳው በሸክላ ሥራዋ ነው። ጀበናው፣ ድስቱና ማሰሮው በእናቶች እጅ ቅርፅ ይዞ፣ ለስልሶ፣ በእሳት ተተኩሶ ለገበያ ይቀርባል። ሸክላ ሠሪዋ የጀበናውን ሆድ ጨርሳ አንገቱን ስትቀጥል ስንጥቅ ብታይ ሥራውን እንደ አዲስ አትጀምረውም። ጣቷን ውኃ ነክራ እዚያው ትደፍነዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ ትቀጥላለች። ይህ የሚሆነው ግን ጭቃው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው፤ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ስንጥቁን መመለስ አይቻልም።

አብዛኛው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ የኖረው እንደ ተተኮሰ ሸክላ ነው። ስህተት ሲገኝ ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ኮዱ ይስተካከላል፣ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል፣ እንደገና ይነሳል። ዛሬ ግን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ፣ ወይም አንድ መስመር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ኮዱን ቀይሮ ካለበት ለመቀጠል የሚያስችሉ መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉ። በሙያው ውስጥ «ኤዲት ኤንድ ኮንቲኒው» እና «ሆት ሪሎድ» በሚሉ ስሞች ይታወቃሉ። ድረ ገጽና የድር መተግበሪያ ለሚሠሩ ወጣቶቻችን እነዚህን መሣሪያዎች በወጉ ማወቅ ትልቅ አቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ኮድ የሚጽፈው ሰው ቁጥሩ እየበዛ ስለሆነ ጭምር ነው። ከቀጨኔ ብዙም ሳይርቁ ተማሪዎች አምስት ኪሎ ሶፍትዌር ምህንድስና፣ አራት ኪሎ ደግሞ ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማራሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በአገር ደረጃ ተጀምሯል። አዲስ ተማሪ ቀድሞ የሚማረው ኮድ መጻፍን ነው፤ ሥራ ላይ ሲገባ ግን ከቀኑ ብዙ ሰዓት የሚወስድበት የተጻፈው ለምን እንደማይሠራ መፈለግ ነው። ዲበግ ማድረግ የምንለው ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ ከቅርብ እንይ። አንዲት ወጣት ለሰፈሯ እድር የአባላት መመዝገቢያ እየሠራች ነው እንበል። ቅጹ ሦስት ገጽ አለው፦ የመጀመሪያው ስምና አድራሻ፣ ሁለተኛው የትዳር ጓደኛና የወላጆች ስም፣ ሦስተኛው የልጆች ስምና የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ስትሞክረው ሁሉም ደህና ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ስታስገባ ግን «የተሳሳተ ቀን» የሚል መልእክት ይመጣል። ቀኑ በእርግጥ የነበረ ነው፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች።

ወጣቷ ዲበገሩን ትከፍታለች። ዲበገር ፕሮግራሙን በፈለጉት መስመር ላይ አቁሞ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ቫሪያብል ምን እንደያዘ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የጳጉሜንን ቀናት የሚወስነው መስመር ላይ ብሬክፖይንት ታስቀምጣለች፤ ቅጹን ሞልታ ትልካለች። ፕሮግራሙ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዓመት 2015፣ ወር 13፣ ቀን 6። የገባው መረጃ ትክክል ነው። መስመሩ ግን «ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ነው?» ብሎ ይጠይቃል። 2015 ለ4 ሲካፈል 503 ደርሶ 3 ይቀራል። ስለዚህ መስመሩን ስታስኬደው መልሱ «አይደለም» ይሆንና ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ይሰጣታል። ቀሪው 0 የሚለው ሕግ የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ቀሪው 3 በሚሆንበት ዓመት ነው።

ስህተቱ ተገኘ። በቀድሞው አሠራር ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ፕሮግራሙን ማቆም፣ 0ን በ3 መተካት፣ ኮምፓይል ማድረግ፣ ሰርቨሩን ማስነሳት፣ ብራውዘሩን መክፈት፣ ሎግ ኢን ማድረግ፣ ሦስቱን ገጾች መልሶ መሙላት፣ ከዚያ መላክ። በአዲሱ አሠራር ፕሮግራሙ እንደቆመ 0ን በ3 ትተካለች። ቀጥሎ የሚሠራውን መስመር የሚያመለክተውን ቢጫ ቀስት በማውስዋ ይዛ አንድ መስመር ወደ ላይ ትመልሰዋለች፤ «ቀጥል» ትለዋለች። መስመሩ እንደገና ይሠራል፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፣ ልጁ ይመዘገባል። የአባሉ ስም፣ አድራሻውና የቤተሰቡ ዝርዝር ከሜሞሪ አልጠፋም።

መሣሪያው ይህን የሚያደርገው እንዲህ ነው። ኮዱ ሲቀየር አሮጌውንና አዲሱን ያነጻጽራል። የተነካውን ክፍል ብቻ ኮምፓይል ያደርግና እየሠራ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ያ ፈንክሽን ሲጠራ የሚሠራው አዲሱ ነው፤ በሜሞሪ ያለው መረጃ ግን ባለበት ይቆያል። በብራውዘር በኩል ላለው ሥራ ደግሞ ኤቫን ዩ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ቪት የተባለው መሣሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቪት ፋይሎቹን ይከታተላል፤ አንዱ ሴቭ ሲደረግ ከብራውዘሩ ጋር ክፍት ባደረገው መስመር በኩል የተቀየረውን ቁራጭ ብቻ እንዲወስድ ይነግረዋል። ሪአክት በተባለው የድር ገጽ መሥሪያ ለተሠራ ገጽ በቅጹ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ እንኳን ብዙውን ጊዜ ሳይጠፋ የአዝራሩ ቀለም ወይም የስሌቱ ሕግ ይለወጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዜሮክስ ፓርክ ቤተ ሙከራ አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ስሞልቶክ እየሠራ ሳለ የሚለወጥ ነበር። በስዊድን የኤሪክሰን መሐንዲሶች ከ1986 ጀምሮ የገነቡት ኤርላንግም ይህን ችሎታ ያገኘው በግድ ነው፤ የስልክ ማዞሪያ ኮዱ ስለሚታረም ብሎ የሰዎችን ጥሪ ማቋረጥ አይችልም። ዋትስአፕ ሰርቨሮቹን የሠራው በዚሁ ቋንቋ ነው። ማይክሮሶፍት «ኤዲት ኤንድ ኮንቲኒው»ን በ1998 በቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 6 አስገባ፤ በ2005 ለሲ ሻርፕ ሰጠ፤ በ2021 ደግሞ ከዶትኔት 6 ጋር «ሆት ሪሎድ»ን አወጣ። ጃቫ በ2002 የወጣው 1.4 እትሙ ላይ ተመሳሳይ ነገር ጀመረ፤ ግን የፈንክሽኑን ውስጥ ብቻ መቀየር ይፈቅዳል እንጂ አዲስ ፈንክሽን መጨመር አይፈቅድም። ፒኤችፒ የሚጽፉ ሰዎች በበኩላቸው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚሠራላቸው ሴቭ አድርገው ገጹን ማደስ ብቻ ይበቃቸዋል።

ይህ ሁሉ በምርታማነት ላይ ምን ይጨምራል? ሒሳቡን እናስላው። ማቆም፣ ማስነሳትና ሎግ ኢን ማድረግ 40 ሰከንድ፣ ቅጹን መልሶ መሙላት አንድ ደቂቃ ቢወስድ ለአንድ ሙከራ 100 ሰከንድ ይሄዳል። በቀን 30 ጊዜ ቢሞከር 3,000 ሰከንድ፣ ማለትም 50 ደቂቃ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ከአራት ሰዓት በላይ በመጠበቅ ያልፋል ማለት ነው።

ከሰዓቱ በላይ የሚጎዳው ግን የሐሳብ መቆረጥ ነው። የአይቢኤም ባለሙያዎቹ ዋልተር ዶኸርቲና አርቪንድ ታዳኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲመልስ የሠራተኛው ምርት ኮምፒዩተሩ ካተረፈው ሰዓት በላይ እንደሚያድግ አሳይተዋል፤ ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ በአእምሮው ይዞ ስለሚቆይ ነው። ያኮብ ኒልሰንም በ1993 በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሰው ትኩረቱን ሥራው ላይ እንዳለ ይዞ ሊጠብቅ የሚችለው እስከ 10 ሰከንድ ገደማ መሆኑን አስፍሯል። ከዚያ ሲያልፍ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። ስልኩ ውስጥ ያለው መልእክት ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ሲመለሱ «ምን ላይ ነበርኩ?» ይሆናል።

ለእኛ አገር ሠራተኛ ደግሞ አሠራሩ የራሱ የሆነ ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ሥራው በላፕቶፕ ባትሪ ነው የሚቀጥለው፤ ሙሉ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ኮምፓይል ማድረግ ባትሪውን ይበላል፣ የተነካውን ብቻ መቀየር ግን ይቆጥበዋል። ሰርቨሩም ብራውዘሩም እዚያው ማሽን ላይ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ሙከራ የኢንተርኔት ጥቅል ማውጣት አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት ፋይሎች አስቀድመው ከወረዱ ኔትወርክ በሌለበት ቤትም ይሠራል።

መሣሪያው ሲያገለግል ግን ወሰኑን ማወቅ ያሻል። የመጀመሪያው፣ ሁሉም ለውጥ አይፈቀድም። የመረጃው ቅርፅ ራሱ ሲቀየር፣ ለምሳሌ በአባሉ መዝገብ ላይ አዲስ ዓምድ ሲጨመር፣ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ማስነሳት ግድ ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ራሱ ይናገራል፤ እሺ ብሎ ማስነሳት ነው።

ሁለተኛው፣ በሜሞሪ የቀረው መረጃ ሊያሳስት ይችላል። አዲሱ ኮድ የሚሠራው አሮጌው ኮድ ባዘጋጀው መረጃ ላይ ነው። ስለዚህ በእርማቱ ወቅት የሠራ ነገር ከዜሮ ሲነሳ ላይሠራ ይችላል። የእድሩ ምሳሌ ላይ ወጣቷ ሥራዋን ጨረስኩ ከማለቷ በፊት ፕሮግራሙን ዘግታ ማስነሳት አለባት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሲቀበል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2014ን ደግሞ አልቀበልም ሲል ማየት አለባት፤ 2014 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ነውና። እነዚህን ሁለት ቀናት በራሱ የሚፈትሽ አጭር ቴስት ጽፋ ብታስቀምጥ ስህተቱ ነገ ተመልሶ ቢመጣ ወዲያው ይታወቃል።

ሦስተኛውና ለጀማሪ ከሁሉ የሚያሰጋው፣ ለውጡ ቀላል ስለሆነ ሳያስቡ መነካካት ነው። ቁጥሯን 1 ማድረግ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3፤ «አሁን ሠራ» ብሎ ማለፍ። ኮዱ ለምን እንደሠራ ሳይታወቅ የሠራ ነገር ባልታሰበ ቀን ይበላሻል። መድኃኒቱ ከመቀየር በፊት ግምትን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ «ቀሪውን 3 ባደርገው 2015 ላይ ስድስት ቀን ይመጣል፣ 2014 ላይ አምስት።» ከዚያ መቀየርና ግምቱን ከውጤቱ ጋር ማስተያየት። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዷ ሙከራ ትምህርት ትሆናለች።

አራተኛውን አጥብቄ እላለሁ፦ ይህ ሁሉ የሚደረገው በራስ ማሽን ላይ ነው። ሰዎች እየተጠቀሙበት ባለ ሰርቨር ላይ ገብቶ ኮድ መቀየር ሌላ ነገር ነው። እዚያ አንድ ነጠላ ሰረዝ ቢሳሳት የሰው ክፍያ ይቋረጣል፣ የሰው መዝገብ ይበላሻል፤ ማን ምን እንደቀየረም አይታወቅም። ከማሽን ወደ ሰርቨር የሚሄደው ለውጥ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ተመዝግቦ፣ ተፈትሾ፣ ሌላ ሰው አይቶት መሆን አለበት።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ቪኤስ ኮድ በነጻ የሚገኝና ዲበገር ያለው የኮድ መጻፊያ ነው፤ ክሮም ውስጥ ኤፍ 12ን ሲጫኑ የጃቫስክሪፕት ዲበገር ይከፈታል፤ ቪትም በነጻ ነው። ለአሠልጣኞች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ዲበገርን የኮርሱ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት። ተማሪው የመጀመሪያውን ቅጽ በሠራበት ሳምንት ፕሮግራሙን መስመር ላይ አቁሞ ውስጡን ይይ፤ አንድ ቁጥር ቀይሮ ሲቀጥል ይመልከት። የጳጉሜንን ምሳሌ ስጡት፤ ቀኑን ያውቀዋል፣ ስህተቱ ሲገለጥም ወዲያው ይገባዋል። በመጀመሪያው ወር እንዲህ የለመደ ተማሪ ሥራ ሲይዝ ስህተት በገጠመው ቁጥር አይደነግጥም፤ ቆሞ የት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ገምቶ ይቀይራል፣ አረጋግጦ ያልፋል።