ዋንዛው ለምን ጠየመ?

በፎገራዋ ወረታ የዋንዛ በር ያሠራ ሰው ከወራት በኋላ ግር ሊለው ይችላል። አናጢው መላጊያ ሲገፋበት ፈካ ያለ ቡናማ የነበረው እንጨት ጠይሟል። ካላንደር የተሰቀለበት ቦታ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ታዲያ አናጢው አታለለ? ወይስ እንጨቱ ዋንዛ አልነበረም?

ሁለቱም ላይሆን ይችላል። አዲስ የእንጨት ወለል ያስነጠፉ ሰዎችም በየአገሩ የሚያነሡት ይህንኑ ጥያቄ ነው። በፎገራ ሜዳ የእንጨት ወለል ብርቅ ነው፤ የገጠሩ ቤት በእበት የተለቀለቀ አፈር፣ የከተማው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው። ጣውላና ፓርኬ በብዛት የሚረገጠው በአዲስ አበባ፣ በቆዩ ቤቶችና እንደ ጣይቱ ሆቴል ባሉ የምኒልክ ዘመን ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ወረታ እንጨትን የሚያውቀው በበር፣ በአልጋና በቁም ሣጥን ነው። ቢነጠፍም ቢቆምም ግን የእንጨት ጠባይ አንድ ነው።

ነገሩ የብርሃን ሥራ ነው። በእንጨት ውስጥ ጭረቶቹን አጣብቆ የሚያጠነክር ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብርሃንና አየር ሲያገኙት ይለወጥና ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያወጣል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጋዜጣ የሚወይበውም በዚሁ ሰበብ ነው። የመስኮት መስታወት ከጨረሩ የሚያግደው ከፊሉን ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ ያለ እንጨትም አያመልጥም። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያ እያደር ይረጋል።

ሁሉም እንጨት ግን እኩል አይለወጥም። ዋንዛ ይጠይማል፤ የዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ይደምቃል፤ ሲሰነጠቅ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ጽድ ቡናማ ይሆናል። ውጭ አገር ለወለል ከሚወደዱት መካከል ቼሪ ሲጠቁር ዋልነት በተቃራኒው ይፈዛል።

ደጅ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። ሩዝ አምራቹ የፎገራ ገበሬ ይህን ከገለባ ክምሩ ያውቀዋል፤ አዝመራ ሲሰበሰብ ወርቅ የመሰለው ገለባ፣ ክረምት ሲመጣ ላዩ ግራጫ ነው። ብርሃን የሰባበረውን ሊግኒን ዝናብ ያጥበዋልና። የአጥር እንጨትም እንዲሁ ይነጣል።

ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይ ግን ጥርጣሬው ከፀሐይ ወደ ውኃ ይዞራል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን በሚያለብሱበት ወቅት እርጥበት እንጨት ውስጥ ይገባል። በሚስማር ዙሪያ የሚወጣው ጥቁር ቀለበት ብረትና ታኒን በውኃ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፤ ታኒን ቆዳ ፋቂዎች ከዛፍ ልጥ አግኝተው ቆዳ የሚያለፉበት ነገር ነው። ጥቁሩ ሻጋታም ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የሚፈለገው ውኃው የገባበት ቀዳዳ ነው እንጂ ቀለም አይደለም።

ቫርኒሽም የራሱ ድርሻ አለው። ዘይት ያለበት ቫርኒሽ ራሱ እየቆየ ቢጫ ይሆናል፤ በውኃ የሚሠራው እምብዛም አይለወጥም።

አንድን እንጨት ቀለሙ ተለወጠ ብሎ መጣል ኪሳራ ነው፤ በተለይ ዋንዛን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር።

ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ። ከሥራው የተረፈ ቁራጭ ተልጎ፣ ግማሹ በወፍራም ካርቶን ተሸፍኖ መስኮት ሥር ጥቂት ሳምንታት ይቀመጥ። ካርቶኑ ሲነሣ በመካከሉ መስመር ከታየ በሩን ያጠየመው ብርሃን ነው። አዲስ ወለል ላይም ምንጣፍ ለማንጠፍ ጥቂት ወራት መታገሥ የሚሻለው ለዚህ ነው። በሩን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት የመጀመሪያውን መልክ ይመልሰዋል፤ መጠየሙ ግን ከዚያው ቀን እንደገና ይጀምራል። ካላንደሩን ማንሣት ይቀላል፤ የተሸፈነው ቦታ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ቀስ በቀስ ጎረቤቱን እየመሰለ ይመጣል።