ተምችና እናቱ

የዛሬው ቃላችን «ተምች» ነው። ፊደሎቹ ሦስት ናቸው፤ ተ፣ ም፣ ች። ማንበቡ ቀላል ነው። ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ቀላል አይደለም።

ተምች ድንገት ይታያል። ለምለም የነበረው የጤፍ ወይም የበቆሎ ቡቃያ ተበልቶ ይገኛል። ስለዚህ «ከዝናብ ጋር ከሰማይ ወረደ» የሚል ሰው አለ። ተምች ግን እናት አለው። እናቱ የእሳት እራት ናት፤ ማታ ኩራዝ ሲበራ መጥታ የምትዞረው ዓይነት። ቀን ሣር ውስጥ ትደበቃለች፣ ሌሊት ትበራለች። ነፋስ ከረዳት በጥቂት ሌሊቶች በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በበልግ ከኬንያ በኩል ተነስታ ቦረና ልትደርስ ትችላለች። ዝናብ የያዘ ደመና ደግሞ በዙሪያው ያለውን ነፋስ ወደ አንድ ቦታ ይስባል፤ የእሳት እራቶቹም አብረው ይሰበሰባሉ። እንግዲህ የዝናቡ ነገር ሐሰት አይደለም። የወረደችው ግን እናቲቱ እንጂ ትሉ አይደለም።

እናቲቱ እንቁላሏን በሣርና በቡቃያ ቅጠል ላይ ክምር አድርጋ ትጥላለች። ከሆዷ ጠጉርም ታለብሰዋለች። አንዷ በዕድሜዋ እስከ 1000 ልትጥል ትችላለች። ከ2 እስከ 5 ባለው ቀን ውስጥ ትሉ ይፈለፈላል።

አሁን ልብ በሉ! ትሉ መጀመሪያ በጣም ትንሽና አረንጓዴ ነው፤ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። የሚበላውም ጥቂት ነው፤ የቅጠሉን ገጽ ይፍቃል። እያደገ ሲሄድ 5 ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል። ብዙ ሆነው አብረው ካደጉ ይጠቁራሉ፤ እንደ ወታደርም ተሰልፈው ይጓዛሉ። አብዛኛውን የሚበሉት በመጨረሻዎቹ ቀኖች ነው። እኛ የምናያቸው መቼ ነው? ከጠቆሩ በኋላ! ያን ጊዜ መድኃኒት መርጨት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከገበታ በኋላ እንግዳ እንደ መከልከል ነው።

ትሉ 2 ወይም 3 ሳምንት ከበላ በኋላ አፈር ውስጥ ይገባል። «ጠፋልን» ትላላችሁ። አልጠፋም እኮ! ቅርፊት ለብሶ ተኝቷል። ከ7 እስከ 12 ቀን ቆይቶ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል።

ምግቡ የሣር ዘር ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ። ባቄላና አተር አይፈልግም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ግን ሌላ ነው፤ እሱ በቆሎው እምብርት ውስጥ ይደበቃል።

ስለዚህ ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በኋላ ወደ ግጦሹና ወደ ማሳው ውጡ። ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን ግለጡ። አረንጓዴውን ትል ካገኛችሁ ቀኑንና የቦታውን ስም በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱን በዚያው ዕለት ለልማት ሠራተኛው ስጡ። ለጎረቤት ቀበሌም ይነገር፤ የእነሱ ማሳ ገና አልተነካ ይሆናል።