ሉሲ ስሎው፤ የልጃገረድ ጠባቂ አልሆንም ያሉት ዲን

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አንዳንዶቻችን እንስቅበታለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ በአፋችን እየነቀፍነው በሥራችን እንፈጽመዋለን። ልብ ብለን ካየነው ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ብታውቅም ነገሩን የሚቈርጠው ወንድ ነው ማለቱ ነው። ይህን አሳብ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ 15 ዓመት የታገሉትን የወይዘሪት ሉሲ ዲግስ ስሎውን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

ወይዘሪት ስሎው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ቤሪቪል በምትባል ከተማ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። አባትና እናታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው። በ1904 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በ1908 ከክፍላቸው አንደኛ በመሆን ተመረቁ። ገና ተማሪ ሳሉ አልፋ ካፓ አልፋ የተባለውን የሴት ተማሪዎች ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ሆኑ። ከዚያም በመምህርነት አገልግለው በ1915 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተር ዲግሪ ተቀበሉ። በ1917 የጥቁር አሜሪካውያን የቴኒስ ሻምፒዮን ሆነው ዋንጫ መውሰዳቸውም ይታወቃል።

ሃዋርድ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1867 የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ሰው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዚሁ ቦታ፣ ወይዘሪት ስሎው ዲን በነበሩበት ዘመን ነበር።

በ1922 ሃዋርድ ወይዘሪት ስሎውን የሴቶች ዲን እንዲሆኑ ጠየቃቸው። በዚያ ዘመን «የሴቶች ዲን» የሚባለው ሹመት ከማዕረጉ በቀር ብዙ ጊዜ የጥበቃ ሥራ ነበር። ልጃገረዶቹ በስንት ሰዓት ገቡ? ምን ለበሱ? ማን ሊጠይቃቸው መጣ? ይህንን መቈጣጠር ነው። ወይዘሪት ስሎው ግን ሹመቱን እንደ ቸርነት አልተቀበሉትም። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ይሰጠኝ፣ ሴቶችን የሚመለከተው ደንብ ሁሉ ከእኔ መሥሪያ ቤት ይመንጭ፣ መኖሪያዬም ከግቢው ውጭ በራሴ ቤት ይሁን አሉ። ዩኒቨርሲቲው ተስማማ።

አሳባቸው ግልጽ ነበር። ሴት ተማሪ ነገ በዓለም ላይ ራሷን ችላ የምትኖር ሰው ናት፤ ስለዚህ በግቢው ሳለች ራሷን ማስተዳደር ትለማመድ። በ1933 ስለ ጥቁር ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሴቶች የኤኮኖሚና የፖለቲካ ትምህርት እንዲማሩ፣ በተማሪዎች አስተዳደርም እንዲካፈሉ አጥብቀው ተከራክረዋል። ለሴቶች ማደሪያ እንዲሠራም ወትውተው፣ በ1931 አዳዲስ ማደሪያዎች ተከፈቱ። በየኮሌጁ ያሉትን የሴት ዲኖችና አማካሪዎችም በአንድ ማኅበር አሰባሰቧቸው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚመረው። በ1926 ሞርዴካይ ጆንሰን የሃዋርድ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውንም እጅግ አሳድገውታል። ነገር ግን በ1927 አንድ መምህር በክፍል ውስጥ በሴቶች ተማሪዎች ፊት ነውረኛ ቃል ይናገራል የሚል አቤቱታ ከወላጅ ቀረበ። ዲኗም ነገሩን ይዘው ተሟገቱ። መምህሩ ግን ከሥራው አልተባረረም፤ የሻከረው የዲኗና የፕሬዚዳንቱ ግንኙነት ነበር። ውሎ አድሮ ወይዘሪት ስሎው ከዲኖች ጉባኤ ተወገዱ። ደሞዛቸውም ከወንዶቹ ዲኖች ያነሰ ነበር። በመጨረሻም የዩኒቨርሲቲው ቦርድ፣ ዲኗ ከቤታቸው ወጥተው በግቢው ውስጥ ከተማሪዎቹ ዘንድ እንዲኖሩ ወሰነ። ይህ ማለት በ1922 እምቢ ወዳሉት የጥበቃ ሥራ ይመለሱ ማለት ነው። የሃዋርድ ምሩቅ ሴቶች ተቃወሙ፤ እሳቸውም ቤታቸውን አልለቀቁም።

ለጥቁር ሕዝብ ክብር የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ፣ በነጮች ንቀት የተንገላቱ ወንዶች የሚመሩት ግቢ፣ የራሱን ሴቶች ከጉባኤው እንዴት ያስወጣል? ነገሩ ያስገርም ይሆናል እንጂ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። የተበደለ ሁሉ በዳይ አይሆንም ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ታሪክ ያንብብ።

ወይዘሪት ስሎው በ1935 የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። በጥቅምት 1937፣ ከሥራቸው ሳይሰናበቱ፣ በሕመም ዐረፉ። በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያዎች አንዱ በስማቸው ተጠርቷል። ጉባኤው የነፈጋቸውን ስፍራ ድንጋይና ሲሚንቶ ሰጣቸው ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ ከኮሌጅ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዝን ወጣቶች ከዚህ ምን እንማር? ለሴቶች በሩን ከፍተናል እያልን መመካት ይቀናናል። ወይዘሪት ስሎው ግን የጠየቁት በሩን ብቻ አልነበረም፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር፣ ከወንበሩም ጋር ድምፅና እኩል ደሞዝ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ ስለ ሴቶች ጉዳይ ሲነሣ አንድ ጊዜ ዙሪያችንን እንይ። ከመካከላችን ያለችው ሴት ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ ብቻ የተቀመጠች ከሆነች፣ ያን አሮጌ ተረት በፊርማችን እያጸደቅነው ነው።