ከፍ ማለትና መጽናት

(ድምፅ፦ የሆስፒታል መተላለፊያ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1950፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ዶክተር ዊሊያም ሃሪንግተን የአንዲት ታማሚ ደም በገዛ ክንዳቸው እንዲገባ አደረጉ። ሴትየዋ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት፣ ፕሌትሌቶች፣ ያለቁባት ነበረች። በሰዓታት ውስጥ የሐኪሙም ፕሌትሌት አሽቆለቆለ፤ ቆዳቸው ላይ የደም ነጠብጣብ ወጣ፤ መንቀጥቀጥም ጣላቸው። ዶክተሩ ተረፉ። ፕሌትሌትን የሚያጠፋው ነገር በታማሚዋ ደም ውስጥ እንዳለም በራሳቸው ላይ አሳዩ።

ሕመሙ ዛሬ አይቲፒ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን ፕሌትሌት እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል፤ ምልክት ያረፈበትን ፕሌትሌት በተለይ ጣፊያ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እየለቀሙ ይውጡታል። የጤነኛ ሰው ቁጥር በማይክሮሊትር ቢያንስ 150,000 ነው። የእነዚህ ታማሚዎች ከ30,000 በታች ሲወርድ ድድ ይደማል፤ ሳይመቱ ገላ ይበልዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው በአንጎል ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ)

ሪልዛብሩቲኒብ ለዚህ ሕመም የሚዋጥ ክኒን ነው። ቢቲኬ የተባለውን ኢንዛይም በመግታት የፀረ እንግዳ አካሉን ምርትም፣ የፕሌትሌቱን ለቀማም ያዳክማል። ሉና 3 በተባለው ሙከራ ከተሳተፉት 202 አዋቂዎች 133ቱ ይህን ክኒን ወሰዱ። 69ኙ የዋጡት መልኩ ብቻ የሚመሳሰል፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ነበር። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? በዚህ ሕመም ፕሌትሌት በራሱ ጊዜም ይወጣል፣ ይወርዳል። ባዶውን ከዋጡት 69 ሰዎች እንኳ የ22ቱ ቁጥር በሙከራው ጊዜ ከፍ ብሎ ታይቷል። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ባዶው ክኒን ፈዋሽ ሊባል ነበር! ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ቁጥሩ ይጸናል ወይ የሚል ሆነ፦ ከ24ቱ ሳምንታት በመጨረሻዎቹ 12፣ ቢያንስ በ8ቱ፣ 50,000 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ መገኘት። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል 31 ሰዎች ይህን አሟሉ። ባዶውን ከዋጡት አንድም አልተገኘም።

ደማቸው በቀላሉ በማይረጋበት ጊዜ ባዶ ክኒን ሊደርሰን ይችላል ብለው የፈረሙትን ሰዎች ማመስገን ይገባናል። የመድኃኒቱ ጥቅም የታወቀው በእነሱም ጭምር ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ክኒኑን በኦገስት 2025 አጽድቋል። ወስደውት ቁጥሩ ያልጸናላቸው ግን 102 ናቸው፤ ለእነሱ ሌላ መድኃኒት መፈለጉና መሞከሩ መቀጠል አለበት።